ኒውማን፣ ጆን ሄንሪ (1801–1890 እ.ኤ.አ.)

እንግሊዛዊ የነገረ መለኮት ሊቅ፣ ደራሲና ካርዲናል። ለንደን ተወልዶ በኦክስፎርድ ተምሯል፤ የአንግሊካን ቄስ ሳለ «የኦክስፎርድ ንቅናቄ» ከተባለው እንቅስቃሴ መሪዎች አንዱ ነበር። በ1845 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሹመቱንና ብዙ ወዳጆቹን አጣ። ለምን እንደተለወጠ የተረከበት «አፖሎጊያ» በ1864 ታተመ። ሐሜትን በቅንነት እንዴት መመለስ እንደሚቻል ከሚያስተምሩ መጻሕፍት አንዱ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1879 በካርዲናልነት ሾሙት።

በነዲክቶስ 16ኛ በ2010 በርሚንግሃም ላይ «ብፁዕ» አሉት፤ ፍራንቸስኮስ ደግሞ ኦክቶበር 13 ቀን 2019 ከአራት ሴቶች ጋር ቅድስናውን አወጁ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአማላጅነቱ ተገኙ ብላ የተቀበለቻቸው ሁለት ፈውሶች፣ የአንድ አሜሪካዊ ዲያቆን ከአከርካሪ ሕመምና የአንዲት ነፍሰ ጡር እናት ከደም መፍሰስ መዳን ናቸው። በ2008 አፅሙን ለማዛወር መቃብሩ ሲከፈት ግን የአካሉ ቅሪት አልተገኘም። የእንጨት ሣጥኑም ሥጋውም ከእርጥቡ አፈር ጋር ተዋሕደዋል። ስለዚህ ምእመናን ከእርሱ የሚያገኙት ትልቁ ቅርስ ጽሑፉ ሆኖ ቀርቷል፤ ለብዕር ሰውም የሚገባው ይኸው ነው።

ኒውማን ራሱ በ1850 በጻፈው ደብዳቤ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ከቅዱሳን ወገን እንዳልሆኑ ገልጾ ነበር። በዚህስ ተሳስቷል። እውነትን ፍለጋ ዓመታት ሙሉ መጻፍ፣ መሰረዝና እንደገና መጻፍ ራሱ ተጋድሎ ነው።

በዓሉ የሚከበረው ባረፈበት ቀን ሳይሆን ካቶሊክ በሆነበት ዕለት፣ ኦክቶበር 9 ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ሊዮ 14ኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ሰይመውታል።