የምትጠመዘዘው ኳስ

ቀኝ እጀኛ የጎልፍ ተጫዋች ወደ ፊት የመታት ኳስ አየር ላይ ወደ ቀኝ ስትታጠፍበት «ስላይስ» ይባላል። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒተር ጋትሪ ቴት በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምክንያቱ የኳሷ መሽከርከር መሆኑን አስረዳ፤ በኳስ ላይ ቀጭን ጥብጣብ አስሮም ዙሯን ቆጠረ። የዱላው ፊት ከምቱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ ዞሮ ሲያገኛት ኳሷ ትጠመዘዛለች። እንግዲህ መድኃኒቱ በኃይል መምታት ሳይሆን የእጅን አያያዝ አስተካክሎ የዱላውን ፊት ማቅናት ነው።

የቴት ልጅ ፍሬዲ በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ አማተር ሻምፒዮን ሆነ። በ1900 ግን በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ላይ ወደቀ፤ አባቱም በተከታዩ ዓመት አረፈ። ሊቁ የኳስን ጉዞ አስልቶ ነበር፤ የልጅን ዕጣ ግን ማን አስልቶ ያውቃል?