ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ የሚቀየረው ቋንቋ

«የድሮ ስምንተኛ ክፍል የዛሬን ዲግሪ ያስንቃል» የምትለዋን ነገር ያልሰማ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አባት ይላታል፣ ጎረቤት ይላታል፣ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር ይላታል። ማስረጃው ሁሌም አንድ ነው፤ እንግሊዝኛ። እነሱ እንደ ፈረንጅ ያወሩ ነበር፣ እኛ ግን አፋችን ይተሳሰራል። እስቲ ዛሬ ወደ ኋላ ሄደን እንያት።

ከጣልያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ ይሰማ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲመለሱ የትምህርቱ ቋንቋም ተቀየረ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። ሁለቱም አዳሪ ነበሩ። ልጁ ተመርጦ ይገባል፤ ከመምህራኑ ብዙዎቹ አማርኛ የማያውቁ የውጭ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ክፍል ውስጥም፣ ኳስ ሜዳም፣ ምግብ ቤትም እንግሊዝኛ ይከተለዋል። ቋንቋ ለመልመድ ከዚህ የተሻለ ድጋፍ ከየት ይመጣል? ችግሩ የደረሰው ለስንቱ ነው የሚለው ነው። ያንን ጥቂት ልጅ ከዛሬው ሚሊዮን ጋር ማወዳደር የተነፋ ጤፍን ካልተነፋ ጋር መመዘን ነው።

በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ አሜሪካውያን መጡ። አብዛኞቹ በእኔና በእናንተ ዕድሜ ያሉ፣ ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው። በኋላ ሴናተር የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1992 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን የተወዳደረው ፖል ሶንጋስ ከነሱ አንዱ ነው፤ ያስተማረው ወሊሶ ነበር። እንግሊዝኛው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ክፍለ ሀገር የደረሰው በብዛት በነዚህ ልጆችና በህንዳውያን መምህራን አፍ ነው። በዚያው ሰሞን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ሆነ። አፉን በአማርኛ ለፈታ ልጅ ትልቅ ነገር ነው (ላልፈታው ልጅ ሌላ ታሪክ ነው)። ግን ሰባተኛ ክፍል ላይ ገደል ተፈጠረ፤ ትናንት በአማርኛ የደመረው ልጅ ዛሬ በእንግሊዝኛ ያባዛል። ገደሉን የሚያሻግሩት የውጭ መምህራን ነበሩ፤ የሰላም ጓዶቹ በ1969 ዓ.ም. ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ከአብዮቱ አሥር ዓመት ያህል በኋላ ጆን ስቶዳርት የተባለ እንግሊዛዊ ትምህርት ቤቶቻችንን አጥንቶ የጻፈው አያስደስትም። ተማሪው መምህሩ ከሚናገረውም፣ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈውም ብዙውን አይረዳም። ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል። የተመሰገነው «የድሮ ትምህርት» ይሄም ነበር።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይሁን አለ። ክልሎች ግን መቀየሪያውን ለየብቻ አስቀመጡት። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ 8ኛ በራሳቸው ቋንቋ ዘለቁ፤ አዲስ አበባ 7ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ገባች። ዘጠነኛ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያገኛል። ለመሸጋገሪያ ግን መምህሩን ማሠልጠን ነበር የተመረጠው፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና ወሰዱ። ተማሪው ግን ክረምቱን አርፎ መስከረም ላይ ገደሉ ጫፍ ይቆማል።

ከዚያ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ! ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉ የስክሪኑ ነው፤ መምህሩ ከፊትና ከኋላ የተራረፈችዋን ይወስዳል። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ራሱ መልሶ ራሱ «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። የጠፋችሁን ቃል «ይደገም» ብትሉት አይሰማም። ለእንግሊዝኛ ድጋፍ ተብሎ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ልጅ የተሠራ ነገር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ገጠር ላለ ልጅ ቤተ ሙከራ ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። ፍጥነቱና አፉ ግን የኛ አልነበረም።

እኛ ዘጠነኛ ስንደርስ ፕላዝማው ብረት ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ሲሠራ አላየሁትም። ያተረፈን የፊዚክስ መምህራችን ነው። ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ይላል፣ በሩን ገልመጥ ያደርጋል፣ በአማርኛ ይደግመዋል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ አማርኛዋ ትጠፋለች። ከሱፐርቫይዘሩ ጋር እኛም ፊዚክሱ ይጠፋናል። ክልል ያደጉ ጓደኞቼ በኦሮምኛም በትግርኛም ያንኑ ይነግሩኛል። ከኮተቤ እስከ ፕላዝማ ከመጣው ድጋፍ ሁሉ በስፋት የሠራው ይሄ የተደበቀው ይመስለኛል፤ መመሪያው ግን እንደ ጥፋት ነው የሚያየው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጠበቅ ብሎ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ኩረጃ ብዙ ተባለ፣ ስለ ስንፍናም። ሁሉንም እንግሊዝኛ ላይ ማላከክ ልክ አይሆንም። ግን ስምንት ዓመት በኦሮምኛ ተምሮ ለመጣ ልጅ የባዮሎጂው ወረቀት መጀመሪያ የንባብ ፈተና ነው፤ መምህሩም አዳራሹ ውስጥ አብሮት አልገባም።