የደን ቆረጣ፣ የደን መንገድና የወንዝ ደለል፦ ከሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ተፋሰሶች የተገኘ ማስረጃ

መግቢያ

ዳገታማ ደን ሲቆረጥ ከግርጌው የሚወርደው ወንዝ ይደፈርሳል፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ በቆረጣው ይላከካል። ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደ የመስክ ልኬት እንደሚያሳየው ግን፣ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ከዛፉ መቆረጥ ይልቅ ብዙ ደለል የሚያወርደው ግንዱን ለማውጣት የሚጠረገው መንገድ ነው። የጉዳቱ መጠንም ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ በሚገባበት መጠን ይወሰናል።

ሦስት ተጎራባች ተፋሰሶች

የኤች. ጄ. አንድሩስ የሙከራ ደን በኦሪገን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቋመ። በዚያ ሦስት ትንንሽ ተፋሰሶች ለንጽጽር ተመረጡ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1966 ሙሉ በሙሉ ተመነጠረ፤ መንገድ ግን አልተሠራበትም፣ ግንዱ የወጣው በብረት ገመድ እየተንጠለጠለ ነው። በሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1959 መንገድ ተጠረገ፤ ከዚያም ከደኑ ሩብ ያህሉ በየቦታው ተቆረጠ። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ሳይነካ ቀረ።

ፍሬድሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው የ9 ዓመት ውጤት ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ያለ መንገድ የተመነጠረው ተፋሰስ ካልተነካው 3 እጥፍ ደለል አወረደ። ሩቡ ብቻ ተቆርጦ መንገድ የተሠራበት ግን ከ100 እጥፍ በላይ አወረደ። አብዛኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 በበረዶ ላይ የዘነበው ከባድ ዝናብ ባስከተለው የመሬት መንሸራተት ነው። ናዳው የበረታውም መንገዱ ቁልቁል የሚወርዱ ጅረቶችን በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ነበር። በእንዲህ ያለ መሻገሪያ ቅርንጫፍና ድንጋይ ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ቱቦ ሲደፍነው ውሃው ከመንገዱ ጀርባ ይጠራቀማል፤ የተሞላው አፈር ይርሳል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይናዳል። ጭቃውና ድንጋዩም የጅረቱን ወለል እየጠረገ ይወርዳል።

የዘወትር ደለል

ናዳ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ የመንገዱ ገጽ ግን በዘነበ ቁጥር ይታጠባል። የተጠቀጠቀ መንገድ ውሃ አያሰርግም። ለመንገዱ ሲባል የተቆረጠው ዳገትም በአፈር ውስጥ ይሰርግ የነበረውን ውሃ ወደ ጎን ቦዩ ያወጣዋል። ከባድ መኪና በበኩሉ ጠጠሩን እየፈጨ ደቃቁን አፈር ወደ ላይ ያወጣል። ሌስሊ ሪድና ቶማስ ዳን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳተሙት፣ በዋሽንግተን ግዛት ክሊርዋተር ተፋሰስ ግንድ ጫኞች የሚመላለሱበት የጠጠር መንገድ ከተተወ መንገድ 130 እጥፍ ደለል ያወርድ ነበር። ሉስና ብላክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ በቦዩና በተቆረጠው ዳገት ላይ የበቀለው ሲጠረግ ደለሉ ወደ 7 እጥፍ ያድጋል።

ይህ ደለል ወንዝ የሚደርስበትን መንገድ ዌምፕልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 አጥንተዋል። በአንድሩስ ደንና አካባቢው ከቃኙት መንገድ 57 በመቶው በቦይ ወይም በቦረቦር ከጅረቶች ጋር ተገናኝቷል። ደቃቁ አፈር ሳልመን ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠር ይሞላል፤ ኦክስጅን የያዘ ውሃ በጠጠሩ መካከል ማለፍ ሲሳነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

ውይይት

ይህ ማለት ቆረጣው ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። የተቆረጠ ዛፍ ሥር ከዓመታት በኋላ ሲበሰብስ አፈሩን የያዘው ኃይል ይላላል፤ የ3 እጥፉ ጭማሪም ቀላል አይደለም። ሦስት ተፋሰሶች የዓለምን ተራሮች ሁሉ አይወክሉም፤ አንድ ከባድ ዝናብም የዓመታትን ድምር ይለውጣል። ይሁን እንጂ ናዳውም ሆነ የዘወትሩ እጥበት የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፦ መንገድ ተበታትኖ ይሰርግ የነበረን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ይለቃል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከመቀሌ ወደ አድዋ በሚወስደው መንገድ ግርጌ የተጠኑት ቦረቦሮችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ።

ማጠቃለያ

መፍትሔው ከአቀያየስ ይጀምራል። መንገዱ በተራራው አናት ቢሄድ፣ ጅረት የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ቢቀነሱ፣ የቦዩ ውሃ ጅረት ሳይደርስ በየአጭር ርቀቱ ወደ ደኑ ቢለቀቅ፣ በቦዩ የበቀለው ሣርም ባይጠረግ ደለሉ ይቀንሳል። አገልግሎቱን የጨረሰ መንገድ ደግሞ መፍረስ አለበት። በካሊፎርኒያ ሬድውድ ክሪክ ተፋሰስ የፈረሱ መንገዶች ካልፈረሱት ሩብ ያህል ደለል ብቻ እንዳወረዱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ስለዚህ የእንጨት ምርት ፈቃድ የሚሰጥ አካል የሚቆረጠውን ሄክታር ብቻ ሳይሆን የሚጠረገውን መንገድ ርዝመት፣ የጅረት መሻገሪያውን ብዛትና መንገዱ የሚፈርስበትን ጊዜ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።