ገበጣ የማን ነው?



ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ልዩ ልዩ ሕዝብ ተሰብስቦ በኖረባት በዚህች ከተማ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ የሚጫወት ሰው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጨዋታው በኮምፒዩተር ቢሠራስ?

በውጭ አገር ይህን የመሰለ ጉዳይ ሙግት አስነሥቶ ነበር። አጋርዋላ የተባሉ ሁለት የሕንድ ወንድማማቾች ስክራብል የተባለውን የቃላት ጨዋታ አስመስለው፥ «ስክራቡለስ» ብለው በኢንተርኔት አወጡ። ባለመብቶቹ ኩባንያዎችም ከሰሷቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጊዜያዊ ትእዛዝ ስሙን ከለከለ፤ ስሙ ከንግድ ምልክት ጋር ይመሳሰላልና። በሰሌዳው ላይ የቀረበውን የቅጂ መብት ጥያቄ ግን አልተቀበለም።

የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ ሰው በጥረቱ ያዘጋጀውን ሥዕልና የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ይጠብቃል። እንግዲህ ገበጣን ለስልክ የሚያዘጋጅ ወጣት ፕሮግራሙ የራሱ ነው፤ ገበጣው ግን የሁሉም ነው። ባዕድም እንዲሁ ሊሠራው ይችላል፤ ከልካይ የለውም።

ስለዚህ መከታችን ክስ ሳይሆን መዝገብ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ገበጣ ጽፈው አሳትመዋል። እኛም ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ የየአካባቢያችንን የአጨዋወት ደንብ ጠይቀን እንጻፍ። ያልጻፍነውን ሌላው በራሱ ስም ቢጽፈው፥ ወቀሳው ወደ እኛው ይመለሳል።