የአፈር ግድብ ባለቤት ማን ነው?

ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች የአራዳን ተዳፋት ሰንጥቀው ያልፋሉ። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር በበጋ የሚቀጥነው ወንዝ በክረምት ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ግንፍሌማ ጠባዩን በስሙ ይዞታል። ለፒያሳ ሰው ከላይ የሚመጣ ውሃ ሲሳይም ስጋትም ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አወረደ። ከተማዋ ስትሰፋ ምንጭ ብቻውን አልበቃም፤ በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከዋናው ግድብ በላይ ገፈርሳ 3 የተባለ አነስተኛ የአፈር ግድብ ተጨመረ። ሥራው ደለል አስቀርቶ ዋናውን ግድብ ማዳን ነው።

የአፈር ግድብ ጥቅሙ ይህ ነው፦ በአካባቢው አፈር ይሠራል፣ መስኖ ያጠጣል፣ ከብት ያረካል፣ ዓሣ ያረባል። ጠላቶቹም ይታወቃሉ። ውሃ በአናቱ ላይ ከፈሰሰ አፈሩ ይሸረሸራል። በውስጡ የሚሰርገው ውሃ አፈር ይዞ መውጣት ከጀመረ ግድቡ ከውስጥ ይቦረቦራል። የዛፍ ሥርና የአይጥ ጉድጓድም መንገድ ይከፍቱለታል።

እ.ኤ.አ. በ1889 አሜሪካ ውስጥ የሀብታሞች ክበብ ንብረት የነበረ የአፈር ግድብ ተደርምሶ በጆንስታውን ከተማ 2,209 ሰዎች ሞቱ። ውሃ ማጉደያ ቧንቧዎቹ ቀደም ሲል ተነቅለዋል፤ የግድቡ አናት ዝቅ ተደርጓል፤ ዓሣ እንዳያመልጥም በትርፍ ውሃ ማስወጫው ላይ ወንፊት ተተክሏል። ክበቡ ግን ካሣ አልከፈለም። በጎረቤት ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ሶላይ ላይ የግል እርሻ ግድብ በሌሊት ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመገንባት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው ግድቡ አዲስ ሳለ ነው፤ አደጋው የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ካረጀ፣ ባለቤቱም ከተለወጠ በኋላ ነው። እርሻው ሲሸጥ ግድቡን የመጠበቅ ግዴታም አብሮ ካልተላለፈ፣ ግድቡ ባለቤት አልባ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ ግድብ ሊኖር አይገባም። ክረምት ሳይገባ ማስወጫው ይጠረግ፣ ስርገቱ ይታይ፣ ከግርጌው የሚኖረውም ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ። የግድቡ ትርፍ የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ግን የሁሉም ነው።