ዋስ ያልነበራቸው ሽማግሌዎች

(ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በኖቬምበር 1971 አራት የአፍሪካ መሪዎች ኢየሩሳሌም ገቡ። የሴኔጋሉ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር፣ የካሜሩኑ አህማዱ አሂጆ፣ የናይጄሪያው ያኩቡ ጎዎን እና የዛየሩ ሞቡቱ ነበሩ። ጎልዳ ሜየርን አነጋገሩ፤ ካይሮ ተሻግረውም ከአንዋር ሳዳት ጋር ተቀመጡ። የሄዱበት ጉዳይ ልዕለ ኃያላኑም ሆኑ የተባበሩት መንግሥታት ያልሆነላቸው ነገር ነበር፤ አረቦችንና እስራኤልን ማስታረቅ።

ይህን ታሪክ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ ድርድር ሲነሳ ካምፕ ዴቪድ፣ ኦስሎ፣ ዶሃ ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የተሞከረው የአፍሪካውያን ሽምግልና ግን የተጸነሰው አዲስ አበባ ላይ ነው።

በጁን 1967 እስራኤል በስድስት ቀን ጦርነት ሲናን፣ ጋዛን፣ የጎላን ተራራን፣ ዌስት ባንክንና ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ያዘች። በኅዳሩ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 242ን አሳለፈ፤ ፍሬ ነገሩ «መሬት ተመልሶ ሰላም ይውረድ» ነው። ለማስፈጸም የተላከው ስዊድናዊው ዲፕሎማት ጉናር ያሪንግ ሦስት ዓመት ከተመላለሰ በኋላ በፌብሩዋሪ 1971 ለሁለቱም ወገን ጥያቄውን በጽሑፍ አቀረበ። ግብፅ የሰላም ስምምነት ለመፈረም ቃል ትግባ፤ እስራኤል ከሲና ወደ ቀድሞው ዓለም አቀፍ ድንበር ለመመለስ ቃል ትግባ። ግብፅ ከነቅድመ ሁኔታዋ ለሰላም ስምምነት ዝግጁ ነኝ አለች። እስራኤል ለመደራደር ዝግጁ መሆኗን ገልጻ፣ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረው መስመር ግን አልመለስም አለች። የያሪንግ ጉዞ እዚያው ላይ ቆመ።

በዚያው ዓመት በጁን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ጉባኤው ካምፓላ ሊካሄድ የታሰበ ነበር፤ ኢዲ አሚን በጃንዋሪ ሥልጣን በመያዙ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ሰብሳቢው የሞሪታኒያው ፕሬዚዳንት ሞክታር ኡልድ ዳዳህ ከመሪዎች ጋር መክረው ለውሳኔ 242 ተፈጻሚነት እንዲጥሩ አደራ ተቀበሉ። ከዚህ አደራ የአሥር መሪዎች ኮሚቴ ተወለደ። ከሞሪታኒያና ከአራቱ ተጓዦች አገሮች ሌላ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ላይቤሪያና አይቮሪ ኮስት ነበሩበት።

አፍሪካ ይህን ሸክም የተሸከመችው በየዋህነት ብቻ አልነበረም። አብዛኞቹ የኮሚቴው አገሮች ከእስራኤል ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ነበራቸው። የእስራኤል የእርሻና የሕክምና ባለሙያዎች፣ ወታደራዊ አሠልጣኞችም በአህጉሪቱ ይሠሩ ነበር፤ ሞቡቱ ራሱ የፓራሹት ሥልጠና የወሰደው እዚያው እስራኤል ነው። ግብፅ ደግሞ የድርጅቱ መሥራች አባል ናት። የሽምግልና ልምዱም ነበረ። በ1963 የአልጄሪያና የሞሮኮ የድንበር ጦርነት ሲነሳ አፄ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ሞዲቦ ኬይታ ባማኮ ላይ ተኩስ አስቁመዋል። አራቱ መሪዎች ከተጓዙ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1972፣ የሱዳንን የመጀመሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ያስቆመው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ተፈርሟል።

አራቱ መሪዎች ይዘው የተመለሱት ሐሳብ ባዶ አልነበረም። በያሪንግ በኩል የሚካሄደው ድርድር እንደገና ይጀመር፤ የስዊዝ ቦይ ይከፈት፤ ድንበሩ በሰላም ስምምነቱ ይወሰን፤ ከጦር ነፃ የሆኑ ቀጠናዎችና ዓለም አቀፍ ኃይል ዋስትና ይሁኑ። ሁለቱም ወገኖች በመርህ ደረጃ «እሺ» አሉ።

ችግሩ ሁለቱ «እሺ»ዎች አንድ አለመሆናቸው ነው። ለካይሮ «እሺ» ማለት እስራኤል መጀመሪያ ለያሪንግ አዎንታዊ መልስ ትስጥ ማለት ነው። ለኢየሩሳሌም ደግሞ ድንበሩ ገና በድርድር የሚታወቅ ነው፤ አስቀድሞ የሚገባ ቃል የለም። በዲሴምበር ነገሩ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ጉባኤው የአፍሪካውያኑን ጥረት አመስግኖ፣ እስራኤል ለያሪንግ ጥያቄ በጎ መልስ እንድትሰጥ ጠየቀ። ሽምግልናው ወደ ሙግት ተመለሰ።

በኢትዮጵያ የሽምግልና ወግ እርቅ በመሳሳም አያልቅም። ሽማግሌው ሁለቱንም «ዋስ ጥራ» ይላል። ቃሉን ያጠፈ ወገን ዋሱን ያስጠይቃል፤ እርቁን የሚያጸናውም ይኸው ፍርሃት ነው። አራቱ መሪዎች ዋስ የሚሆን አቅም አልነበራቸውም። ለግብፅ ሲናን የሚያስመልስ፣ ለእስራኤል ደኅንነቷን የሚያረጋግጥ ጉልበት የነበረው ሌላ ቦታ ነው፤ የጦር መሣሪያውን ከሚልኩት ከዋሽንግተንና ከሞስኮ ዘንድ።

ሁለተኛም ችግር ነበር። ሽማግሌው የአንደኛው ወገን ዘመድ ነው። ግብፅ በድርጅቱ ጉባኤ ወንበር አላት፤ እስራኤል የላትም። በጁን 1972 ራባት ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ እስራኤልን አውግዞ ከግብፅ ጎን ሲቆም ሽማግሌው ተከራካሪ ሆነ። በሜይ 1973 የጋዳፊዋ ሊቢያ ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ባላት ግንኙነት ምክንያት የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮ ይዛወር ብላ ተነሳች።

በኦክቶበር 4 ቀን 1973 ሞቡቱ በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ከወዳጅና ከወንድም አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ወንድም እንደሚመረጥ ተናግሮ ከእስራኤል ጋር ያለውን ግንኙነት አቋረጠ። በሁለተኛው ቀን ጦርነቱ ፈነዳ። ኢትዮጵያ በኦክቶበር 23 ግንኙነቷን አቋረጠች። ኅዳር ሳያልቅ፣ ከአሥሩ የኮሚቴው አገሮች ከእስራኤል ጋር ግንኙነት የነበራቸው ሁሉ አቋርጠው ነበር።

ጦርነቱ ከ2,500 በላይ እስራኤላውያንን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ግብፃውያንና ሶሪያውያንን በላ። ሳዳት በ1977 ኢየሩሳሌም ሄደ፤ በ1979 ውሉ ተፈረመ። ውሉ ሲገለጥ ምን ይገኛል? እስራኤል ከሲና ትወጣለች፤ ግብፅ ሰላም ትሰጣለች፤ ከጦር ነፃ ቀጠና ይከለላል፤ ዓለም አቀፍ ታዛቢ ኃይል ይቆማል። ያሪንግ የጠየቀው፣ አራቱ መሪዎችም የተሸከሙት ሐሳብ ነው። ልዩነቱ አሜሪካ በገንዘቧም በመሣሪያዋም ዋስ ሆና መቆሟ ነው። ያ ውል እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

የቀረው ግን ቀላል አይደለም። ውሳኔ 242 ፍልስጤማውያንን በስም አያነሳም፤ «የስደተኞች ችግር» ብሎ ያልፋል። በካምፕ ዴቪድ የታሰበላቸው ራስ ገዝ አስተዳደርም በዚያ ድርድር ከወረቀት አላለፈም። ዋስ ያገኙት መንግሥታት ታረቁ፤ ዋስ የሌለው ሕዝብ ከእርቁ ውጭ ቀረ።

በጃንዋሪ 2025 በግብፅ፣ በኳታርና በአሜሪካ አደራዳሪነት የተጀመረው የጋዛ ተኩስ አቁም በማርች ፈረሰ። ሽማግሌ አልጠፋም ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ አንዷም ኃያል ናት። ኃያል መሆን ግን ዋስ መሆን አይደለም፤ ዋስ የሚባለው ቃል ሲታጠፍ ዕዳውን ለመክፈል የቆረጠ ነው። ስለዚህ አዲስ የድርድር ዜና በተሰማ ቁጥር «ማን አስታረቀ?» ከማለት በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ቃሉ ቢታጠፍ የሚጠየቀው ማን ነው?