ጠመንጃው ሲከበር አንጥረኛው ሲናቅ

ሰው የሚመካበትን ዕቃ ያከብራል፤ ዕቃውን ያበጀውን እጅ ማክበር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህ ነገር በጠመንጃ ላይ እንደ ታየው ያህል በሌላ ዕቃ አልታየም። ጠመንጃ የወንድ ጌጥ፥ የርስት መጠበቂያ፥ የሹመት ምልክት ነበረ፤ ባለቤቱ በሞተም ጊዜ ከፈረሱና ከጋሻው ጋር ወደ ልቅሶው አደባባይ ወጥቶ ይለቀስበት ነበር። የዚያን ጠመንጃ ምላጭ ያቃናው፥ ሰደፉን የጠረበው፥ አፈሙዙን በብር ቀለበት ያስጌጠው ሰው ግን ጠይብ እየተባለ ይሰደብ፥ ዓይኑም ክፉ ነው እየተባለ ይፈራ ነበር። የዚህን ነገር አመጣጥና ያስከተለውን ጉዳት ለመመርመር የሚሻ ሰው ከአራዳ የተሻለ መነሻ አያገኝም።

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በቴዎድሮስ አደባባይ የአንድ ትልቅ መድፍ ምስል ቆሞ ያያል። ይህ ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ አምሳል ነው፤ እውነተኛው መድፍ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። መሣሪያን ከመግዛት ይልቅ ሠሪውን ማምጣት ይሻላል የሚለው አሳብ ከዐፄ ቴዎድሮስም በፊት የነበረ ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ በላኩት ደብዳቤ ከለመኑት ነገር አንዱ የጦር መሣሪያ የሚሠሩ፥ ወርቅና ብር የሚያነጥሩ ባለ እጆች እንዲላኩላቸው ነበር። አሳቡን በሥራ የፈጸሙት ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የማቅለጫ ቦታ አቋቁመው፥ ወንጌል ለመስበክ የመጡትን እንደ ቫልድማየርና ዛልሙለር ያሉትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች፥ ሞሪትስ ሃል የተባለውን የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የተባለውን ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ በአንድነት አሠሯቸው፤ የአገር ልጆችም ከእነርሱ ጋር ሆነው ሥራውን እንዲማሩ አደረጉ። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ ንጉሡ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከጋፋት ወጣ።

በ1860 ዓ.ም. ይህ መድፍ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ገደል እየተናደ፥ ድንጋይ እየተነሣ መንገድ መሥራት ግድ ሆነ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ደከሙ። የእጅ ሥራ በሚናቅበት አገር ንጉሡ በአደባባይ የቀን ሠራተኛ ሆነው መታየታቸው ከመድፉ የማያንስ ትልቅ ነገር ነበረ። ይሁን እንጂ ዘመኑ አልጠበቃቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላኩላቸው ነበረ። የጋፋት ሠራተኞችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ፤ ወናፉ ቆመ፥ ምድጃውም በረደ።

ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ያው ጥያቄ በሸዋ ተነሣ። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በንጉሥ ምኒልክ ጥሪ አንኮበር ገባ። ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠራ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ እንዳዘዙት በሕይወት ታሪኩ ይተረካል። ኢልግ ከአውሮፓ የሚመጣው ጠመንጃ እንደሚሻልና በዋጋም እንደሚረክስ ቢያስረዳ ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ በዚሁ ቦታ፥ በዚሁ መሣሪያ ሠርቶ እንዲያሳያቸው አዘዙት። እርሱም በተገኘው ብረትና እንጨት ደክሞ ሠርቶ አቀረበ፤ ንጉሡም ተደስተው ጠመንጃውን ከመሣሪያዎቻቸው ጋር አኖሩት ይባላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። መሐንዲሱ ሒሳቡን አልሳተም፤ በእጅ የሚሠራ አንድ ጠመንጃ በፋብሪካ ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ንጉሡ ግን የፈለጉት አንዱን ጠመንጃ አልነበረም። ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣው ነገር እንደ ተአምር የሚታይ ሳይሆን የሰው እጅ ሥራ መሆኑን በዓይናቸው ለማየት፥ ለባለሟሎቻቸውም ለማሳየት የፈለጉ ይመስላል። ዳግማዊ ምኒልክ ማናቸውንም አዲስ መሣሪያ ሲያገኙ ፈትቶ ውስጡን መመርመር ደስታቸው እንደ ነበረ በቤተ መንግሥታቸው የገቡ እንግዶች መስክረዋል።

ነገር ግን ጊዜው ስለ ቸኮለ መግዛት ግድ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. ባለቅኔው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ ከ2,000 የሚበልጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ደረሰ፤ መሣሪያው በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ነበረ፤ በእንጦጦም ንጉሡ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ስለ ገዙት ነጋዴው እያጉረመረመ ተመለሰ። በ1880 ዓ.ም. የጣልያን መንግሥት በውል 5,000 ረሚንግተን ለመስጠት ተስማማ። ሙሴ ሼፍኔ የተባለው ፈረንሳዊና አርመኑ ሰርኪስ ተርዚያንም በዚሁ ንግድ ከታወቁት መካከል ናቸው፤ ሰርኪስ ኋላ በ1896 ዓ.ም. የመንገድ መዳመጫ ሞተር አዲስ አበባ ያስገባና «የሰርኪስ ባቡር» የሚለውን ስም ለከተማው ሕዝብ ያተረፈ ሰው ነው። እንዲህ ከየአገሩ የተሰበሰበው መሣሪያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ሥራውን ሠራ።

ከድሉ በኋላ በአዲስ አበባ የጠመንጃ ብዛትም ዓይነትም በረከተ። በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው ታላቅ ገበያ ጥይት ራሱ እንደ አሞሌ ጨው የገንዘብ መዘርዘሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሕዝቡም የፈረንጁን ስም በአንደበቱ እያለዘበ የራሱ አደረገው፤ ፈረንሳዮች በራሳቸው ቁጥር በ1874 ያወጡትንና «ፊዚ ግራ» ያሉትን ውጅግራ፥ ስናይደርን ስናድር፥ ማንሊኸርን ምንሽር አለው። ነገር ግን ስም ብቻ ተለውጦ አልቀረም፤ ዕቃውም ተለወጠ። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ውጅግራዎች በወደብ ላይ ሲራገፉ በታተመባቸው ቁጥር ካልሆነ በቀር አይለዩም። በአንጥረኛው እጅ ካለፉ በኋላ ግን አንዱ የእገሌ፥ ሌላው የእገሌ መሆኑ ከሩቅ ይታወቅ ነበር።

የዚህ ሥራ አካሄድ እንዲህ ነበረ። ባለ ጠመንጃው ጠገራ ብር ይዞ ይመጣል፤ አንጥረኛው ብሩን በከሰል ምድጃ አቅልጦ፥ በመዶሻ አሳስቶ፥ ስስ ቀለበት እያደረገ አፈሙዙንና እንጨቱን ያያይዝበታል። በሰደፉም ላይ መስቀል፥ ሐረግ ወይም አንበሳ ይቀርጽበታል። ስለዚህ ያው ጠገራ ብር ጠመንጃውን የገዛ፥ ኋላም ጠመንጃውን ያለበሰ ሆነ። ማንገቻው ከለፋ ቆዳ፥ ዝናሩ በባለቤቱ ወገብ ልክ ይሰፋል። የአውሮፓው እንጨት በጉዞ ወይም በጦርነት የተሰበረ እንደ ሆነ ከወይራ ወይም ከዋንዛ ሌላ ሰደፍ ይጠረባል፤ ይህም ለተኳሹ ትከሻና ለክንዱ ርዝመት እየተለካ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ይልቅ ይስማማዋል።

ከጌጡ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን የውስጡ ብልሃት ነበረ። የጠመንጃ ሞላ ሲደክም መርፌው ጥይቱን አጥብቆ አይመታም፤ አንጥረኛውም ከአሮጌ ሰይፍ ወይም ከሌላ ጠንካራ ብረት አዲስ ሞላ ቀጥቅጦ ማውጣት ነበረበት። ብረቱ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ይሰበራል፤ ከለሰለሰም ታጥፎ ይቀራል። ልኩን የሚያውቀው በእሳት ውስጥ የብረቱን ቀለም እያየ ነው፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን ይህን ትምህርት አባት ለልጁ በዓይንና በእጅ ያወርሰዋል። የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም ነበር፤ ተሰብስቦ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላበት ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ጠመንጃ በኢትዮጵያ ምድር ዕድሜው የረዘመው በእነዚህ ስማቸው ባልተጻፈ ሰዎች ጥበብ ነው።

እነዚህ ባለ እጆች በከተማይቱ ውስጥ ሰፈር ነበራቸው። ከአራዳ አጠገብ ያለው ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥት ይሠሩ ከነበሩት ከአንጥረኞች፥ ከቀጥቃጮች፥ ከአናጢዎችና ከሌሎች ሙያተኞች ነው። ከዚያም በስተ ሰሜን በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፥ ሸማኔዎችና ብረት ቀጥቃጮች ይኖሩ ነበር። መኳንንቱ የጦር መሣሪያቸውን ይዘው ወደ እነዚህ ሰፈሮች ይልኩ ነበር፤ ዕቃው ተበጅቶ ሲመለስ ግን የሠራው ሰው ከማዕዱ ርቆ ይቀመጥ፥ ልጁም ለጋብቻ አይጠየቅም ነበር። ጠመንጃውን የዳሰሰው እጅ ቡዳ ተባለ፤ ያ እጅ የዳሰሰው ጠመንጃ ግን በግድግዳ ላይ በክብር ተሰቀለ።

ይህን ክፉ ልማድ ዐፄ ምኒልክ ተመልክተው በጥር ወር 1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ቆዳ ፋቂውን፥ ገበሬውንም በሥራው የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ ነገር እንዲታቀብ የሚያዝ ነበረ። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው፥ ሌላ ዘር የለም የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ በስድብ ምክንያት ሙያተኛ ሁሉ እጁን ካጠፈ አገር ያለ ማረሻና ያለ መሣሪያ ትቀራለች የሚል ነው። በአንኮበር ጠመንጃ ካልተሠራልኝ ብለው መሐንዲሱን የሞገቱት ንጉሥ፥ ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ጠመንጃን የሚሠራው ምድጃ ብቻ ሳይሆን የሠሪው ክብር መሆኑን በአዋጅ ተናገሩ። ዳሩ ግን አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም። በቀጨኔ የሚኖሩ ባለ እጆች ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ያንኑ ንቀት ተሸክመው ኖረዋል።

የንቀቱ ዋጋ በ1928 ዓ.ም. ተከፈለ። በነሐሴ ወር 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር በተዋዋለችው ውል መሠረት ለመከላከያዋ መሣሪያ የማስገባት መብት ነበራት። ጦርነቱ በተቃረበ ጊዜ ግን ወደ ሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ታገደ። እገዳው በቃል እኩል ነበረ፤ በሥራ ግን እኩል አልነበረም። ጣልያን በራሱ ፋብሪካ ጠመንጃውንም መድፉንም ይሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን የሚሸጥላት ካልተገኘ የምትይዘው የቀደመውን ብቻ ነበረ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ድንበሩን ሲሻገር ብዙው የኢትዮጵያ ወታደር የተሰለፈው የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ አንግቶ ነው። በወረቀት ላይ ያለ መብት በእጅ ላይ ያለ ሙያን አይተካም።

እርግጥ ነው፤ ምድጃ ቢኖርም አውሮፕላንንና የመርዝ ጢስን ለመቋቋም አይበቃ ይሆናል፤ የሠራተኛ ሰፈርም አንጥረኞች የአውሮፓን ፋብሪካ ሊተካከሉ አይችሉም ነበር። ሆኖም የትም አገር ፋብሪካ ከሰማይ አልወረደም፤ ከመንደር ቀጥቃጭ ቤት አድጎ የወጣ ነው። የጋፋት ምድጃ ባይበርድ፥ የአንጥረኛው ልጅ በአባቱ ሙያ አፍሮ ባይሸሽ፥ ከ1860 እስከ 1928 ዓ.ም. ባለው ዘመን ምን ሊሠራ ይችል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ከብዙ ዘመን በኋላ በኢትዮጵያ ዘመናዊ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሲቋቋም ጋፋት የሚል ስም መውጣቱ የዚሁ ቁጭት ምልክት ነው።

የአራዳ ታላቅ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ከዚያው ዘመን የቀረ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዐድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው በፒያሳ ተመርቆ ተከፈተ። ወደዚያ የሚገባ ሰው የነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን ስም ማስታወሱ የሚገባ ነው። ነገር ግን ከመታሰቢያው ሲወጣ በቅርብ ያለውን የሠራተኛ ሰፈርን ስም ቢያስታውስ ታሪኩ ይሟላለታል። የዐድዋን ጠመንጃ የተኮሰው ወታደር መታሰቢያ አገኘ፤ ሞላውን የቀጠቀጠለትና ሰደፉን የጠረበለት ሰው መታሰቢያ ግን የሰፈር ስም ብቻ ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአበው ምሳሌ ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለአገርም የተነገረ ነው። የተገዛ መሣሪያ ለአንድ ቀን ያድን ይሆናል፤ ሻጩ በሩን በዘጋ ጊዜ ግን ባዶ እጅ ያስቀራል። የእጅ ሙያን ያከበረ ሕዝብ ጠመንጃ ባያስፈልገው እንኳ በዚያው እጅ ማረሻውን፥ ድልድዩንና መኪናውን ይሠራበታል። ሙያን የናቀ ግን በብር ያጌጠ ጠመንጃ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ፥ ሞላው በተሰበረ ቀን የሚጠግንለት አጥቶ ይቀራል።